ያልጠራው ስልክ

መቱ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው ጠባብ የስልክ መጠገኛ ሱቅ ውስጥ ስንቄ አራጌን ያያት ሰው ከሌሎቹ ጠጋኞች ለይቶ አያያትም። የተሰበረ ስክሪን ትቀይራለች፤ ቻርጅ አልቀበል ያለ ስልክ ትፈታለች፤ ቡና ለቃሚው ጭቃ ውስጥ ጥሎ ያገኘውን በብሩሽ ታጸዳለች። ደንበኛ ገለል ሲል ግን ከጠረጴዛው ሥር ያረጀ ላፕቶፕ ታወጣና ኮድ ትጽፋለች። የተማረችው ኮምፒውተር ሳይንስ ነው። በተመረቀች በሁለተኛው ዓመት ማመልከቻ ማስገባቱ ሲሰለቻት የአጎቷ ልጅ ሱቅ ውስጥ ገባች፤ እዚያው ቀረች።

ያደገችው ሁሩሙ ነው። አባቷ አቶ አራጌ በሰባ ሰባቱ ሰፈራ ከወሎ መጥተው እዚያ ጎጆ የቀለሱ ገበሬ ናቸው። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ከአጥር ውጭ ኦሮምኛ እየሰማች ስላደገች፣ ስትናደድ በአንዱ፣ ስትቆጥር በሌላው ነው የምታስበው። ቁጥርን ያስወደዷት ጋሼ ቀኖ ናቸው።

ጋሼ ቀኖ የሒሳብ መምህር ነበሩ። የትምህርት ቤቱ አንድ ለእናቱ ኮምፒውተር የተቀመጠበት ክፍል ቁልፍ በእሳቸው እጅ ስለነበር፣ ስንቄ ሰባተኛ ክፍል ሳለች የምሳ ሰዓቷን እዚያ እንድታሳልፍ ፈቀዱላት። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ የተሳፈሩበት አውቶቡስ ተገልብጦ ጭንቅላታቸው ላይ ተጎድተው ነበር። ቁስሉ ዳነ፤ የሚጥል በሽታ ግን ትቶባቸው ሄደ። አንድ ቀን ጠመኔ እንደያዙ ሰሌዳው ሥር ወደቁ። ሌላው ተማሪ ወደ በሩ ሲሸሽ ስንቄ ሮጣ ሹራቧን ከራሳቸው ሥር አደረገችና በጎናቸው አስተኛቻቸው። እንዴት እንደሚደረግ አስቀድመው ለክፍሉ ያስረዱት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ። ሲነቁ፣ “ስንት ደቂቃ ፈጀ?” ብለው ጠየቋት።

“ሦስት።”

“ጥሩ፤ ቆጥረሻል” አሉና ጠመኔያቸውን ፈለጉ።

ሲስተር ገለኔ በ2014 ዓ.ም. ወደ ሱቁ መጥታ አፕ እንድትሠራላት ስትጠይቃት ስንቄ ወዲያው ነው እሺ ያለችው። ገለኔ በመቱ ከተማ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሕሙማን የምትከታተል ነርስ ናት። ስልኳን ልታሠራ መጥታ ላፕቶፑን ስታይ ወሬ ጀመረች።

“የእኔ ሰዎች ኪኒኑን ጠልተውት አይደለም የሚተዉት፤ ይረሱታል። አንድ ወር ደህና ከሆኑ ደግሞ የዳኑ ይመስላቸዋል። ስልክ የሌለው የለም። ሰዓቱን የሚያስታውሳቸው አንድ ነገር ብትሠሪልኝ?”

“እሠራልሻለሁ” አለች ስንቄ። በዐይኗ የመጡት ጋሼ ቀኖ ነበሩ።

“ግን አብዛኛው አንድሮይድ ነው የያዘው፤ አንዳንዱ ደግሞ ልጁ ከዐረብ አገር አይፎን ልካለታለች። ሁለቴ ልትደክሚ ነው?”

“አንዴ ብቻ ነው የምጽፈው” አለችና ላፕቶፑን አዙራ አሳየቻት።

ሁለቱ ዓይነት ስልኮች የሚሰሙት ቋንቋ ለየቅል ነው። ድሮ አንድ አፕ ለሁለቱም እንዲሆን ከተፈለገ ሁለት ጊዜ ይጻፍ ነበር። ስንቄ የምትጠቀምበት መሥሪያ ግን ይህን ድካም ያስቀራል። ኮዱ በአንድ ቋንቋ ይጻፋል፤ መሥሪያው ከዚያው ከአንዱ ኮድ ለአንድሮይድ የሚሆን አንድ ጥቅል፣ ለአይፎን የሚሆን ሌላ ጥቅል ያወጣል። የሚጫነውን ቁልፍ፣ ጽሑፉን፣ ቀለሙን መሥሪያው ራሱ በሁለቱም ስክሪን ላይ ይሥለዋል። አንዱ ስልክ ላይ ያማረው ሌላውም ላይ ያው ነው። ገለኔ ስትሰማ አፏን ከፍታ ቀረች፤ ስንቄም መደነቋን ወደደችው።

ያልነገረቻት ነገር ነበር። ካሜራው፣ ቦታ ጠቋሚው፣ ደወሉ የስልኩ የራሱ ንብረቶች ናቸው፤ የጋራው ኮድ በቀጥታ አይነካቸውም። “በየቀኑ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ደውል” የሚል መልእክት ይልካል እንጂ። መልእክቱን የሚቀበለው በስልኩ በራሱ ቋንቋ የተጻፈ ቁራጭ ኮድ ነው፤ ለአንድሮይድ አንድ፣ ለአይፎን ሌላ። ቁራጩ የታዘዘውን ፈጽሞ “ተሳክቷል” ወይም “አልተሳካም” ብሎ ይመልሳል። የጋራው ኮድ ያንን መልስ ይዞ ይቀጥላል፤ እውነት መሆን አለመሆኑን የሚያጣራበት መንገድ የለውም።

እንዲህ ያሉ ቁራጮች ሌሎች ሠርተዋቸው በነጻ የሚገኙ አሉ። ስንቄም መጀመሪያ ከእነዚያ አንዱን ወስዳ ነበር። ሆኖም ባትሪ ለመቆጠብ ብለው አፑን የሚዘጉ ርካሽ አንድሮይዶች ላይ ደወሉ እየጠፋ አስቸገራት። የራሷን ልትጽፍ ቆርጣ ተነሳች። ሦስት ሳምንት ፈጀባት፤ ሱቁ ውስጥ በተገኘው ስልክ ሁሉ ሞከረችው፤ ሠራላት። የአይፎኑ ተራ ሲደርስ ግን አይፎን አልነበራትም፤ ለአይፎን የሚሆነውን ጥቅል የሚያወጣ ማክ ኮምፒውተርም አልነበራትም። ማክ ያለው አዲስ አበባ የሚኖረው የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ ደጀን ነው። ኮዱን ስትልክለት እንከን እንዳይገኝበት፣ በአይፎኑ በኩል ምንም ሳይሠራ ለመጣለት መልእክት ሁሉ “ተሳክቷል” ብሎ የሚመልስ አንድ መስመር አስቀመጠች። አጠገቡ “በኋላ ይጻፋል” የሚል ማስታወሻ ጻፈች።

በኋላ ግን የቡናው ወቅት ቀረበ፤ ስልክ የሚያሠራው በዛ፤ ኢንተርኔቱም ሳምንት ጠፍቶ ሰነበተ። ክሊኒኩ አፑን የሚያስተዋውቅበት ቀን ደረሰ። ስሙን በኦሮምኛ “ያዳቺሳ” ብላዋለች፤ አስታዋሽ ማለት ነው። ገለኔ ሠላሳ ያህል ሕሙማንን ሰብስባ ስታበቃ በሹክሹክታ፣ “አይፎን ላይም ሞክረሽዋል አይደል?” አለቻት።

“አዎ” አለች ስንቄ።

አንዲት ቃል ነበረች። ስትወጣ ምንም አልከበዳትም።

ጋሼ ቀኖ በዚያን ጊዜ ጡረታ ወጥተዋል። ሁሩሙ በግቢያቸው ቀፎ ሰቅለው ማር ይቆርጣሉ፤ ቅዳሜና እሁድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን ሒሳብ ያስጠናሉ። ኪኒናቸውን በየጠዋቱና በየማታው በእጃቸው የሚሰጧቸው ባለቤታቸው እትዬ ሻሽቱ ነበሩ። አፑ በተዋወቀበት መስከረም ልጃቸው ጎሬ ላይ ስለወለደች እትዬ ሻሽቱ ሊያርሷት ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት ግን ስንቄን አስጠርተው አፑ በጋሼ ቀኖ ስልክ ላይ እንዲጫን ጠየቋት። ስልኩ ሌላዋ ልጃቸው ከዱባይ የላከችው አይፎን ነበር።

ስንቄ ስልኩን ተቀብላ ጫነች፤ ሰዓቱን ሞላች። አይፎን እንዲህ ያለ አፕ ሲከፈት “ማሳወቂያ እንዲልክ ይፈቅዳሉ?” ብሎ ይጠይቃል። አልጠየቀም። ለምን እንዳልጠየቀ እሷ ታውቃለች፤ ባዶው መስመር ስልኩን ምንም አላዘዘውም፤ ያልታዘዘ ስልክ ፈቃድ አይጠይቅም። በስክሪኑ ላይ “ማስታወሻዎ ተመዝግቧል” የሚል ጽሑፍ ከአረንጓዴ ምልክት ጋር ብቅ አለ።

“ይኸው” አለች። ዛሬ ማታ ለደጀን እደውላለሁ፤ በዚህ ሳምንት እጨርሰዋለሁ ብላ ለራሷ ቃል ገባች።

እትዬ ሻሽቱ ዐይን ዐይኗን አዩዋት። “ስንቄ፣ የኔ ልጅ፣ ልቤን ጥዬብሽ ልሂድ?”

“ምንም አያስቡ እትዬ፤ ስልኩ ይጠራል።”

ያን ሳምንት ለደጀን አልደወለችም። የሚቀጥለውንም።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ጋሼ ቀኖ ፊታቸውን የሚታጠቡበት ውሃ ሊያሞቁ እሳት አያይዘው ሳለ ወደቁ። ቀኝ እጃቸው ፍሙ ውስጥ ገባ። የጎረቤታቸው የዲንቃ ሚስት የድስቱን ኳኳታ ሰምታ ባሏን ባትጠራው ኖሮ ሌላ ነገር ይወራ ነበር። ዲንቃ ጎትቶ አወጣቸውና ሚኒባስ አስቁሞ መቱ አደረሳቸው። ሐኪሙ እጁን አተረፈው፤ ሦስቱ ጣቶች ግን አልታጠፍ አሉ። ገለኔ የኪኒኑን እሽግ ስታይ ግማሽ የሚሆነው አልተነካም።

ስንቄ ዜናውን የሰማችው ከገለኔ ነው፤ ሱቁ ውስጥ፣ ደንበኛ ፊት ለፊቷ ቆሞ። ሆስፒታል ስትደርስ ጋሼ ቀኖ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ እጃቸው እስከ ክንዳቸው ተጠቅልሏል።

“ነይ፣ ነይ” አሏት። “እንዳትደነግጪ። ያንቺ ነገር ምንም አላጠፋም። ጠርቶ ይሆናል፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁት።”

ገለኔ በአልጋው ወዲያ በኩል ቆማለች። ስንቄ ያን ጊዜ መናገር ትችል ነበር። አፏንም ከፍታ ነበር። የወጣት ግን፣ “እግዜር ይማርዎ ጋሼ” የሚል ብቻ ነው።

በማግስቱ ሱቁን ዘግታ አዲስ አበባ ሄደች። ደጀን ቤት አራት ቀን ተቀምጣ የአይፎኑን ቁራጭ ጻፈች። ደጀን መስመሩን ሲያይ፣ “ይሄ እስካሁን ባዶ ነበር እንዴ?” አላት።

“ባዶ ነበር።”

“ሰው እየተጠቀመበት?”

ስንቄ ዐይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ መጻፏን ቀጠለች። ስትጨርስ ደጀን ስልኩን አውጥቶ ደወሉን ሞከረላት። አዲሱ ጥቅል ሲለቀቅ ምን እንደተለወጠ የሚገለጽበት ቦታ ላይ “ጥቃቅን ማሻሻያዎች ተደርገዋል” ብላ ጻፈች። እነዚያን ሦስት ቃላት ከጻፈች በኋላ እጇን መታጠብ አማራት።

ነገሩ ተስተካክሎ ቢሆን ኖሮ ጸጸቷም አብሮ በወጣላት ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። ጋሼ ቀኖ ቤታቸው ተመልሰው አዲሱ ጥቅል ስልካቸው ውስጥ ሲገባ ደወሉ በየጠዋቱና በየማታው ይጮኽ ጀመር። ይህንን ሲሰሙ የደረሱበት ድምዳሜ የሒሳብ ሰው ድምዳሜ ነው፦ ስልኩ አሁን ይጠራል፤ ያኔም ይጠራ ነበር፤ ስለዚህ የጎደለው የእኔ ጭንቅላት ነው። ለዲንቃም፣ ለተማሪዎቻቸውም፣ ለቄሱም እንዲሁ ነገሩ። ከአደጋው የተረፈው አእምሯቸው አሁን መክዳት እንደጀመረ አመኑ።

በኅዳር ማስጠናቱን ተዉ። “የተሳሳተ ነገር ባስተምራቸውስ?” አሉ። በታኅሣሥ ቀፎዎቻቸውን ለዲንቃ አስረከቡ፤ ከዛፍ ላይ ልወድቅ እችላለሁ ብለው። እትዬ ሻሽቱም ከጎሬ የተመለሱት አደጋውን እንደሰሙ፣ ልጃቸው በወጉ ሳትነሳ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከባላቸው አጠገብ ለገበያ እንኳ አይርቁም።

ስንቄ ይህን ሁሉ በየጊዜው ትሰማለች። የአባቷ ቤት እዚያው ስለሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ ስትሄድ ጎራ ትላለች፤ ብርቱካን፣ ስኳር ይዛ። በያዘችው ነገር ብዛት ራሷን ታዘበች። ሰው ሁሉ፣ “መምህሯን የማትረሳ ልጅ” ይላታል። መቱ ተመልሳ ስልክ ስትፈታ ትንንሾቹ ብሎኖች ከእጇ እየወደቁ ያስቸግሯት ጀመር። ሱቁ ውስጥ የማንም ስልክ በጮኸ ቁጥር ትበረግጋለች።

በጥር አንድ ቅዳሜ ከቀትር በፊት ስትደርስ ጋሼ ቀኖ በረንዳ ላይ ደብተር ዘርግተው አገኘቻቸው። በግራ እጃቸው የተጻፈ፣ የተንጋደደ ቁጥርና ስም ሞልቶበታል።

“ጥሩ ጊዜ መጣሽ” አሏት። “በየቀኑ ራሴን እፈትናለሁ። የማባዣ ሠንጠረዡ አላስቸገረኝም። ዛሬ ደግሞ ያንቺን ክፍል ልጆች ስም በተራ ቁጥር ልጽፍ ብዬ ሠላሳ አንድ ላይ ቆምኩ። አርባ ሁለት ነበራችሁ። ያዢና አርሚኝ፤ እንዳታዝኚልኝ፤ ስንት እንደሳትኩ ንገሪኝ።”

ደብተሩን ሰጧት። የራሷ ስም ስምንተኛ ላይ ነበር። ፊደሎቹ እየደበዘዙባት ሄዱ።

“ጋሼ፣ አእምሮዎ ምንም አልሆነም።”

“እሱን ደብተሩ ይናገር።”

“ስልኩ አልጠራም ነበር” አለች። “አንድም ቀን አልጠራም። እርስዎ አልረሱም። የአይፎኑን በኩል እኔ ባዶ ትቼው ነው። ተመዝግቧል የሚለውን ብቻ እንዲያሳይ አድርጌ። ለእትዬ ስልኩ ይጠራል ስላቸው ባዶ መሆኑን አውቅ ነበር። ከወደቁ በኋላ ነው የጻፍኩት፤ ከዚያ ወዲህ የሚጮኸው ለዚህ ነው።”

ጋሼ ቀኖ ደብተሩን ከእጇ ወስደው ዘጉት። ከዚያ ለሕፃን የሚናገሩ ያህል በቀስታ፣ “አሳዪኝ” አሏት።

ላፕቶፑ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። የድሮውን ኮድ ከፈተችው። መልእክቱ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ፣ በአንድሮይድ በኩል ምን እንደሚገጥመው፣ በአይፎን በኩል ምን እንደገጠመው አንድ በአንድ አስረዳቻቸው። እሳቸውም እንደ ፈተና ወረቀት ጎንበስ ብለው ተከተሏት፤ ሁለት ጊዜ አስቁመው ጠየቋት። መስመሩ ላይ ሲደርሱ አልታጠፍ ባለው ጣታቸው ነኩት።

“ይህች ናት?”

“እሷ ናት።”

“ስሌቱን ሳትሠሪ መልሱን ጽፈሽ አስረከብሽኝ።”

“አዎ ጋሼ።”

“ሦስት ወር።” ላፕቶፑን ከፊታቸው ገፉት። “እጄን አይደለም የምልሽ። እጅ ነው፤ ይቃጠላል። ሦስት ወር ሙሉ ያበድኩ መስሎኝ ስኖር እያየሽኝ ብርቱካን ታመጪልኝ ነበር?”

ስንቄ መሬት መሬት አየች። “ዺፋማ” አለች በኦሮምኛ፤ ይቅርታ። በልጅነቷ ስታጠፋ የምትላቸው በዚያ ቋንቋ ነበር።

እትዬ ሻሽቱ በሩ ላይ ቆመው ሁሉንም ሰምተዋል። አልጮኹም።

“እኔ ሄጄ ነው ብዬ ነበር” አሉ። “ጥዬው ባልሄድ ኖሮ ብዬ። ያን ሕፃን እያመጡ ሲያሳቅፉኝ የሚታየኝ የባሌ እጅ ነበር። የመጀመሪያ የልጅ ልጄ ነው፤ መሳም አስጠልቶኝ ነበር። አንቺ ይህን ታውቂያለሽ?”

“አላወቅሁም እትዬ።”

“አሁን እወቂው። በይ ሂጂ።”

ሄደች። ሚኒባስ ሳትጠብቅ ከከተማው እስክትወጣ በእግሯ ተጓዘች፤ ማንም እንዳያናግራት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና።

ሰኞ ጠዋት ክሊኒኩ ሲከፈት ገለኔ ጋ ገባችና ያንኑ ደገመችላት። ገለኔ ስታዳምጥ እስክሪብቶዋን እየከፈተች ትዘጋለች። ሲያበቃ፣ “አይፎን ያላቸው ሌሎች ሦስት ናቸው” ብላ ስልኳን አነሳች። በዚያው ሰዓት ለሦስቱም ደወለች። ሁለቱን ሚስቶቻቸው ያስታውሷቸው ነበር። አንዲት ሴት ግን ስልኩን ተማምና ኪኒኑን ብዙ ቀን ዘልላለች፤ እሷን እግዜር ጠብቋታል። ገለኔ አፑን ከሁሉም ሕሙማን ስልክ ላይ አስጠፋች።

“የምቀየመው ስላልሠራልሽ አይደለም” አለቻት። “ስጠይቅሽ አዎ ባትዪኝ ኖሮ አይፎን ያላቸውን በስልክ ራሴ እቀሰቅሳቸው ነበር። አራት ሰው ነው።”

ስንቄ ይህን አስባው አታውቅም ነበር። ይህን ያህል ቀላል ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ ገለኔ አፑን መልሳ ተቀበለችው፤ ግን ሕመምተኛው ደወሉን በጆሮው ሳይሰማ ከክፍሉ አይወጣም የሚል ደንብ አወጣች። ስንቄም ጥጉ የተሰነጠቀ ያገለገለ አይፎን ገዛች፤ አንድ መስመር በለወጠች ቁጥር በሁለቱም ስልክ ደወሉ እስኪጮኽ ትጠብቃለች። ኮዱንም አስተካከለችው፤ አሁን የስልኩን መልስ ብቻ አይቀበልም፤ ደወሉ በእርግጥ መያዙን መልሶ ይጠይቃል።

ጋሼ ቀኖ በመጋቢት ማስጠናት ጀመሩ፤ ሰሌዳ ላይ በግራ እጃቸው እየጻፉ። ዲንቃ ቀፎዎቹን ሳይጠየቅ መልሶ አመጣላቸው። ስንቄን ያስጠሯት በሚያዝያ ነው። በበረንዳው ላይ አሥራ አንድ ተማሪዎች ተቀምጠዋል።

“ይህች ተማሪዬ ናት” አሉ። “አንድ አፕ በሁለት ዓይነት ስልክ ላይ እንዴት እንደሚሠራ ታስረዳችኋለች። ከዚያ ደግሞ እኔ እንዴት እንደተቃጠልኩ ትነግራችኋለች። ሁለቱም አንድ ትምህርት ነው።”

ስንቄ ላብ አጠመቃት። ቢሆንም አስረዳች፤ ሁለተኛውንም ክፍል ሳትቀንስ ነገረቻቸው። ስትጨርስ ፊት ለፊት የተቀመጠች ትንቢት የምትባል ልጅ እጇን አወጣች።

“ባዶ መሆኑን እያወቅሽ ለምን አልተናገርሽም?”

ጋሼ ቀኖ ሊያግዟት አልሞከሩም። ስንቄም ጊዜ ማጣቷን፣ ኢንተርኔቱን፣ የማክ ኮምፒውተሩን ልትጠራ ትችል ነበር።

“ሁሉም ሰው እያደነቀኝ ስለነበር” አለች። “እንዲያቆሙ አልፈለግኩም።”

ልጅቱ አንገቷን ነቀነቀችና ደብተሯ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች። ጋሼ ቀኖ ወደ ሰሌዳው ዞሩና የዕለቱን ጥያቄ መጻፍ ጀመሩ።

ከዚያ ወዲህ ስንቄ በወር ሁለት ቅዳሜ ሁሩሙ ሄዳ ልጆቹን ኮምፒውተር ታስተምራለች። ጋሼ ቀኖ ይቅር ብዬሻለሁ ብለዋት አያውቁም፤ እሷም ጠይቃቸው አታውቅም። እትዬ ሻሽቱ ሰላምታዋን ይመልሳሉ፤ ከዚያ ያለፈ ቃል የላቸውም። ትምህርቱ ሲያልቅ ለተማሪዎቹ ሁሉ ቆሎ ያወጣሉ። ለስንቄም ከእነሱ እኩል ይዘግኑላታል፤ ፊቷን ሳያዩ እጇ ላይ ያደርጉላትና ወደ ውስጥ ይገባሉ።